የጠባቂ ወተት

ብረቱን ከቮላኖው፣ ከሞተሩ ከባድ መንኮራኩር፣ ጥርስ መካከል አስገብቼ ወደ ታች ገፋሁት። ማሉ ትንሽ አንገራግሮ በዝግታ ዞረ። ብረቱን አወጣሁና በሚቀጥለው ጥርስ አስገብቼ ደግሜ ገፋሁ። ናፍጣ ኖረም አልኖረም፣ በየሳምንቱ እንዲህ በእጅ ካልዞረ ውስጡ ዝጎ ይያያዛል። ታሞ የተኛን ሰው ጎኑን እንደሚያገላብጡት ነው።

ማሉ የከተማችን ሞተር ነው። ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው፤ እኛ ዲንካዎች አመድማ በሬ ማሉ እንለዋለን። እሱ ሲነሳ ወንዝ ዳር ያለው የማጣሪያ ፓምፕ ይሠራል፣ ውሃው ወደ ጋኑ ይወጣል፣ ከጋኑ በቧንቧ ይወርዳል። እሱ ካልተነሳ ናይልን እንዳለ እንጠጣለን። በዚያ ሰሞን ደግሞ ኮሌራ ገብቶ ነበር። ባለቤቴ ኛንውት ከሕሙማኑ ድንኳን ብትወጣም ገና ግድግዳ ይዛ ነበር የምትሄደው።

የወረዳችን ኮሚሽነር ሰው ሻምበል ንዮክ መጥቶ የሞተር ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ኢንጂነር ዳው፣ ዛሬም ሬሳ ታገላብጣለህ?»

«አልሞተም ሻምበል። ርቦት ነው።»

«እንግዲያው ቀለቡ መጥቶለታል።»

ወታደሮች ከመኪና ላይ ሁለት በርሜል ናፍጣ አወረዱ። ከጎረቤት አገር በጀልባ የመጣ ነው። የምንኖረው በነዳጅ ጉድጓዶች መካከል ነው፤ ማታ ማታ የሚነደው ጋዝ ሰማዩን ያቀላዋል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ድፍድፍ ግን በቧንቧ ወደ ሰሜን ለሽያጭ ነበር የሚሄደው፤ ሰሜን ደግሞ ጦርነት ገባ። ቧንቧውን የሚያሞቁት ጣቢያዎች ቆሙ፤ ድፍድፉም ብርድ እንዳገኘው ቅቤ መንገድ ላይ ረጋ። ከእሱ ጋር ደሞዛችንም ረጋ።

«ነገ እስከ ቀትር ካልተነሳ ናፍጣው ወደ ግንባር ይሄዳል» አለ ሻምበሉ። «ውሃው መጀመሪያ ለጦር ሰፈሩና ለባለሥልጣኖቹ። የተረፈው ለሌላው።»

«ተርፎ ያውቃል?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» ማሉን ዞር ዞር ብሎ አየው። ቱቦዎቹ ተንጠልጥለዋል፣ የባትሪው ቦታ ባዶ ነው። «ሌላው አካሉ የት ሄደ?»

«በየዘመዱ ቤት ነው።»

ሳቀ። እሱም የከብት አርቢ ልጅ ስለሆነ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። በእኛ ዘንድ ከብቱን ሁሉ በአንድ በረት የሚያሳድር ሰው ሞኝ ይባላል፤ ዘራፊ ቢመጣ በአንድ ሌሊት ይደኸያል። ከብት በወዳጅ ቤት ይበተናል። ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲቃረብ እኔና የሥራ ባልደረባዬ፣ ነፍሱን ይማርና የአሉኤል ባል፣ ማሉን እንደ መንጋ በተንነው። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች ለቄሱ፣ ባትሪውን ለዓሣ ነጋዴው፣ የናፍጣ ፓምፑን ደግሞ ለአሉኤል ሰጠን። ወታደር መጣ፣ ሄደ፣ ሌላ ወታደር መጣ። ሁሉም ማሉን አይተውት አለፉ። ጎደሎ ሞተር ማን ይሸከማል?

ቄሱ ኖዝሎቹን ከመንበሩ ጀርባ አውጥቶ በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለሉ ሰጠኝ። ዓሣ ነጋዴው ባትሪውን ከፀሐይ ሰሌዳ ጋር አያይዞ የሰፈሩን ስልክ ቻርጅ ያደርግበት ነበር።

«ሳልጠይቅህ ወተቷን ጠጣሁ» አለኝ፣ ትንሽ አፍሮ።

«መብትህ ነው» አልኩት። የሰው ላም የሚጠብቅ ሰው ወተቷ የእሱ ነው፤ ሕጋችን ይህ ነው።

መጨረሻ ላይ ወደ አሉኤል ሄድኩ። የምትኖረው ረግረጉ ጫፍ፣ ተፈናቃዮቹ በሰፈሩበት ነው። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ታበጥር ነበር።

«የቦል እናት፣ እንደምን ዋልሽ?» አልኳት በልጇ ስም ጠርቼ።

«ከሩቅ ሳይህ ነው ያወቅኩት። ሰው ለሰላምታ ሲመጣ እንዲህ አይሮጥም።»

«ናፍጣ መጥቶ ነው። አደራዬ አለ?»

«ከልጆቼ በላይ ነው የጠበቅኩት። ወደ ረግረጉ ስንሸሽ ድስቴን ጥዬ እሱን ተሸከምኩ። ልጆቼ ማሽላ በጥሬው ቆረጠሙ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ከባድ ነው።»

ሰፌዱን አስቀምጣ እጇን አራገፈች።

«ነጋዴው በባትሪህ ስልክ ሲሞላ ከረመ። ቄሱ እግዜር ይከፍለዋል። እኔ ከዚህ ብረት ምን አለብኩ ዳው?»

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

በአገጯ ወደ ውጭ አመለከተች። ሰላሙ በተፈረመ ጊዜ የተተከለ ቧንቧ ደጃፏ ላይ ቆሟል። አንድም ቀን ውሃ ወርዶበት አያውቅም። ፍየል ታስሮበታል።

«ውሃው መጀመሪያ ወደዚህ ይምጣ።»

«መጀመሪያ ለጦር ሰፈሩ ነው ተብሏል።»

«ላሟን የጠበቀው ጦር ሰፈሩ ነው?»

«የቦል እናት፣ እኔ እኮ አዛዥ አይደለሁም።»

«መክፈቻው በማን እጅ ነው?»

«በእኔ።»

«እንግዲያስ አታድክመኝ።»

ፍየሏ ቧንቧው ላይ ራሷን ታክ ነበር። ያለ ፓምፑ ማሉ አይነሳም፤ ማሉ ካልተነሳ ናፍጣው ነገ ይሄዳል። ግን እንደዚያ አስቤ ብቻ አይደለም እሺ ያልኳት። የተናገረችው ልክ ነበር፤ ደግሞም ደክሞኝ ነበር፤ ልክ የሆነን ነገር መከራከር ከሁሉ ይበልጥ ያደክማል።

«እሺ» አልኩ። «መጀመሪያ ወደዚህ።»

ከጓዳ ትልቁን የማሽላ ገንቦ እየጎተተች አመጣችና እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። ፓምፑ ከእህሉ መካከል ወጣ። ግራሶው ላይ ማሽላ ተጣብቆበታል።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ፓምፑን ምልክቱን ከምልክቱ አግጥሜ አሰርኩ። ናፍጣውን በእጅ ወደ መስመሩ እየገፋሁ አረፋው እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ማሉ መጀመሪያ ሲቀሰቀስ አስሎ ዝም አለ። አንዱን ቱቦ በቺያቤ መፍቻ ላላ አድርጌ የቀረውን አየር አስወጣሁ። ሁለተኛ ስሞክር ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ያን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆኖኛል፤ ቁጭ ብዬ ማዳመጥ አምሮኝ ነበር፣ ግን ወደ ጋኑ መሄድ ነበረብኝ።

ከጋኑ ሥር ሁለት ሳራቺኔስካዎች፣ የውሃ መክፈቻዎች፣ አሉ። አንዱ የጦር ሰፈሩንና የባለሥልጣኖቹን መስመር ይከፍታል፤ እጅ ያለሰለሰው ነው። ሌላው የረግረጉን ሰፈር ነው፤ ስላልተነካ ዝጓል። በእጄ እምቢ አለኝ። ተመልሼ የማሉን ብረት አመጣሁና ክብ እጀታው ውስጥ አስገብቼ ገፋሁት። ሲጮህ ሰው የሚሰማብኝ መሰለኝ። ከዚያ ቧንቧው ውስጥ ውሃው ሲንደረደር ሰማሁ። የጦር ሰፈሩን እንደተዘጋ ተውኩት።

እልልታ አልነበረም። ከረግረጉ በኩል የሰማሁት ጀሪካን ከጀሪካን ሲጋጭ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አላቋረጠም። የእኔም ጀሪካን መካከላቸው ነበር፤ አሉኤል ራሷ ሞልታ ለኛንውት ላከችላት።

ሻምበል ንዮክ ኮሚሽነሩን ሊሸኝ አየር ማረፊያ ውሎ አመሻሹ ላይ መጣ። ማሉ ናፍጣውን ጨርሶ ቆሟል። እኔ የናፍጣ ፓምፑን እየፈታሁ ነበር።

«የጦር ሰፈሩ ቧንቧ ደርቆ ዋለ» አለ። «ንፋስ ብቻ።»

«አዎ ሻምበል።»

«ውሃው የት ገባ?»

«ረግረጉ ሰፈር። ፓምፑን የጠበቀችው እዚያ ነው ያለችው። የጠባቂ ወተት ነው።»

ባዶው በርሜል ላይ ተቀመጠ። ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።

«አባቴ ቢሆን ይፈርድልህ ነበር» አለ። «የከብት ክርክር ዳኛ ነበር። እኔ ግን አለቃ አለብኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተባርረሃል።»

«ከየትኛው ደሞዝ?»

«አታስቀኝ ዳው። ደክሞኛል።»

«እኔም።»

«ሁለተኛ ናፍጣ በዚህ በር አይገባም። የበሩን ቁልፍ አምጣ።»

ቁልፉን ሰጠሁት። ቁልፉ የሚከፍተው ቤቱን ብቻ ነው። ኖዝሎቹን ለቄሱ፣ ባትሪውን ለነጋዴው በዕለቱ መልሻለሁ፤ ፓምፑ በክንዴ ላይ ነበር። ሻምበሉ አየው፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

አሉኤል ደጃፏ ላይ ነበረች። ፍየሏ ከጎጆው ምሰሶ ታስራለች። ከቧንቧው ሥር ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም።

«ተባረርክ አሉ» አለችኝ።

«ተባረርኩ።»

«ማንን ይቀጥራሉ?»

«ማንንም። ምን ይከፍሉታል?»

ራሷን ነቀነቀች። ተቀመጥኩና ፓምፑን በናፍጣ ነክሬ በጨመቅኩት ጨርቅ ወለወልኩት፣ ቀዳዳዎቹን በእንጨት ውታፍ ደፈንኩ፣ ግራሶ ቀባሁት። አሮጌ ነጠላዋን ቀድዳ ሰጠችኝ። ጠቅልዬ አሰርኩት።

«ብረቱስ? ማዞሪያው?» አለችኝ።

«እሱን እኔ እጠብቀዋለሁ፤ እቤቴ ነው።»

ገንቦውን ሳበች። ፓምፑን ከታች አስቀምጣ ማሽላውን በእፍኟ እየዘገነች አለበሰችው፤ ምንም እስከማይታይ። ላዩን በመዳፏ አስተካከለች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ገንቦውን ወደ ጥጉ ገፋችው።