ሬሳውን ስጡን

መዝጊያው በላዬ ላይ የወደቀው ጠዋት ነው። መዝጊያ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሱዳን አገር፣ ከቡሪ ወዲያ ባለ ባዶ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለኮሌራ በሽተኞች ድንኳን ተተክሎ፣ መግቢያው ላይ አንድ ቆርቆሮ ቆሞ ነበር። ከውጭ የአንድ ሟች ዘመዶች ዱላና ድንጋይ ይዘው “ሬሳውን ስጡን!” እያሉ ይጮኻሉ። ከውስጥ እኔ የኔነሽ፣ የወለል መወልወያዬን ጨብጬ ቆርቆሮውን በጀርባዬ ደግፌያለሁ። ዘበኛው በኋላ በኩል አጥር ዘሎ ሄዷል። እኔም ዘልዬ መሄድ አያቅተኝም ነበር፤ ግን ታናሽ እህቴ ሸዋአለም ድንኳኑ ውስጥ ነበረች።

በእኛ አቆጣጠር 2009 ዓ.ም. ነው፣ ነሐሴ። የእኔ ሥራ ባልዲ መድፋት ነው። የኮሌራ አልጋ መሃሉ ቀዳዳ ነው፤ ከሥሩ ባልዲ ይቀመጣል፤ እሱን እየደፋሁ ወለሉን በበረኪና አጥባለሁ። ሸዋአለም ጎንደር ነርስነት ተምራ የመጣች ናት፤ ግሉኮስ የምትሰካው እሷ ናት። በሽታውን እዚህ “ኢስሃል” ይሉታል፣ አገር ቤት ደግሞ “አተት”። ስሙን ሲያሳንሱት ባልዲው የሚጎድል ይመስላቸዋል መሰለኝ! ከሠራተኞቻችን መካከል ታመው እዚያው ድንኳን ውስጥ የተኙ ነበሩ። ጓንት ስለሚያጥረን አንዱን ጥንድ በበረኪና እያጠብን መልሰን እናጠልቀዋለን። ማታ ወደ ሰፈራችን ወደ ሳጃና በሐፍላ ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ እንኳ ከጎናችን የሚቀመጥ አይገኝም።

ደግሞም ፍልሰታ ነበር። ሸዋአለም ጾሙን ጨርሳ ልትቆርብ ለነፍስ አባቷ ቃል ገብታለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ አትቀምስም። “በዚህ ሙቀትማ መላእክቱም ውሃ ሳይጠጡ አይውሉም” ስላት፣ “እታለም፣ አፍሽን ያዢ!” ብላ ትቆጣኛለች። ከንፈሯ ሲሰነጣጠቅ ጾሙ ነው አልን። ዓይኗ ሲጎደጉድም ጾሙ ነው አልን። የድንኳኑ ሐኪም ዶክተር ዘምዘም እንኳ፣ ሱዳናዊት ናት፣ በረመዳን እሷም እንዲሁ ስለምትሆን ጾሙ ነው አለች። በዚያን ጠዋት ሸዋአለም ሽንት ቤት ስትመላለስ አይቼ “ምን ሆነሽ ነው?” አልኳት። “ምንም፣ ሆዴ ባዶ ስለሆነ ነው” አለችና ወደ በሽተኞቿ ሄደች።

ሟቹ ሽማግሌ ነበሩ። ከኮሌራ ሬሳ ሁሉም ነገር ይፈስሳል፤ ቤት ወስደው ሲያጥቡት አጣቢውም፣ ውሃውን የሚደፋውም፣ ለለቅሶ የመጣውም ይያዛል። ስለዚህ ትእዛዙ በፕላስቲክ ጠቅልሎ መቅበር ነው። ለልጆቻቸው ግን አባትን ሳያጥቡ መቅበር እንደ ውሻ መጣል ማለት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ቁጭ ብሎ ያነጋገራቸው ግን አልነበረም። “ክልክል ነው” ተባሉ፣ አለቀ።

ቆርቆሮው ሲወድቅ በላዬ ላይ ተረማመዱ። ከሁሉ ፊት የገባው ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ረጅም ሰውዬ ነው፤ የሟቹ ትልቁ ልጅ ባቢከር። ዶክተር ዘምዘም እጇን ዘርግታ “ስሙኝ” ስትል በጥፊ አላትና መነጽሯ በረረ። ሌላው በድንጋይ ቅንድቧን ተረተራት። የግሉኮሱን ብረት ከአልጋው ጎን እየነቀሉ ያገኙትን ሁሉ ደበደቡበት፤ መድኃኒት የተቀመጠበት ጠረጴዛ ተገለበጠ፣ የግሉኮሱ ከረጢት በእግራቸው ሥር እየፈነዳ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ባልዲውም ተደፋ። በሽተኛው ከአልጋው እየወደቀ በዚያ ሁሉ ውስጥ ይንፏቀቃል።

ተነሥቼ አንዱን በመወልወያው እንጨት ማጅራቱን አልኩት፤ እንጨቱ ተሰበረ። ሌላው ጸጉሬን ሲይዘኝ እጁን ነከስኩት። ከኮሌራ ድንኳን ውስጥ የሰው እጅ የምነክስ ጅል ነኝ፤ ግን በንዴት ጊዜ ማን ያስባል! ባቢከር በያዘው ብረት ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍብኝ ቀኝ እጄ ተንጠለጠለ።

ያን ጊዜ ሸዋአለምን አየኋት። ከሬሳው ፊት ቆማለች። “ማለሽ፣ ያ አኹይ፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ አትንኩት፣ ይይዛችኋል” አለች፣ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ አልወጣ ብሎ። ማንም አልመታትም። እዚያው ባለችበት ጉልበቷ ከዳትና የሩዝ እጣቢ የመሰለ ነገር በባቢከር እግር ላይ አስታወከች። ወደቀች።

የቀሩት ሬሳውን ተሸክመው ሲወጡ ባቢከር ብረቱን ጥሎ ቆመ። “ወላሂ አልነካኋትም!” ይላል። ዶክተር ዘምዘም ደም በዓይኗ እየገባ የእህቴን እጅ ያዘች፤ የደም ሥር ትርታ ፈለገች፣ አጣች። “ግሉኮስ!” ብላ ጮኸች። ከየት ይምጣ? አንድም ሙሉ ከረጢት አልተረፈም። የቀረን በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት ብቻ ነው። “ካልጠጣች ዘጠኝ ሰዓት አትደርስም” አለችኝ።

በጠበጥኩ። ጽዋውን አፏ ላይ ሳስጠጋ ሸዋአለም ጥርሷን ገጠመች።

“ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም” አለች። “እቆርባለሁ።”

“ሞተሽ ነው የምትቆርቢው?”

“እታለም፣ ተይኝ።”

በጥፊ መታኋት። እህቴን፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳትን፣ በደህናው እጄ ደግሜ መታኋት። የብረት ማንኪያ በጥርሷ መሃል ፈልቅቄ ላስገባ ስታገል ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማኝ፤ የፊት ጥርሷ ነው። በአንድ እጅ ጭንቅላቷን ይዤ፣ በምን ላጠጣት? እሪ አልኩ። መንገድ ላይ እንደወደቀች ሴት፣ ሰው እየሰማኝ፣ እሪ አልኩ።

ባቢከር ተንበረከከ። “ምንድን ነው የምትለው?” አለኝ በአረብኛ።

“ጾም ላይ ነኝ ትላለች።”

ሰውዬው አፉን ከፈተ። “አልዓያን ማ ቢሱም!” አለ፤ የታመመ አይጾምም ማለቱ ነው። “ለእኛም ለእናንተም አንድ ነው። ያላ፣ አምጪ!” ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አደረገ፣ በባዶ እጁ አፍንጫዋን ያዘ፣ አገጯን ወደ ታች ሳበ። “አሽረቢ፣ ያ ኡኽቲ፣ አሽረቢ!” ጠጪ፣ እህቴ፣ ጠጪ። እኔ አፈስሳለሁ፤ እሷ ታንቃለች፣ ትራገጣለች፣ ትሰድበናለች፣ በእጁ ላይ ታስታውካለች። እንደገና አፈስሳለሁ። ደም የተቀላቀለበት ውሃ በክርኑ እየወረደ ጀለቢያው ቀላ። ትከሻዬን የሰበረው ሰው እህቴን ይዞልኛል! ልገድለው እፈልጋለሁ፣ እንዳይሄድብኝም እፈራለሁ።

ከሌላ ክሊኒክ ግሉኮስ መጥቶ ሲሰካላት ነው ባቢከር የተነሣው። “እጅህን ታጠብ” አልኩት። በረኪናው ወለል ላይ ተደፍቶ አልቋል። እጁን በጀለቢያው ጠርጎ፣ “አባቴን ላጥብ ነው” ብሎ ወጣ።

ሸዋአለም ዳነች። ቁርባኑ ቀረባት፣ የፊት ጥርሷም የለም፤ ለብዙ ቀን ቃል አልተነፈሰችልኝም። ዝም ብትለኝም ደስ ይለኝ ነበር። ዝም የምትለኝ እህት አለችኝ ማለት ነው።

እንደቆመች ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። ተከትያት ሄድኩ፣ እጄን በጨርቅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ። ወደ ሥራ በተመለስን ሰሞን አንድ ረክሻ፣ የእኛው ባጃጅ፣ ግቢው ውስጥ ገብታ ቆመች፤ አንድ ወጣት ትልቅ ወንድሙን አቅፎ ወረደ። ፊቱ ጠውልጎ አጥንቱ ወጥቷል፤ በቁመቱ ነው የለየሁት። ባቢከር ነበር። ከአባቱ ይያዘው ከእህቴ፣ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ሸዋአለም አላወቀችውም። ክንዱን ወጋች፣ ደም ሥሩ ሸሸ፤ ሌላኛውን ወጋች፣ እግሩን ወጋች። “እባክህ፣ እባክህ” ትላለች በአማርኛ። እኔ ጽዋ ይዤ አጠገቡ ነኝ፤ እሱ አፉን በራሱ ከፈተ፣ ግን አልወርድ አለው። እጇ ላይ ሞተ።

“ለምንድን ነው እንዲህ የምታለቅሺው?” አለችኝ። ስንት ቀን ዘግታኝ የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነው።

“ጭንቅላትሽን ይዞ ያጠጣሽ እሱ ነው” አልኳት።

ዘመዶቹ ሰምተው ኖሮ ወዲያው ከውጭ ጩኸቱ ተነሣ። “ሬሳውን ስጡን!” ድንጋይ ቆርቆሮውን ሲመታ ፈራሁ፣ አልዋሽም። ሸዋአለም ግን መዝጊያውን ራሷ ከፈተችው። አንድ ድንጋይ በጆሮዋ አጠገብ አለፈ። “አንድ ሰው ይግባ!” አለች። “እዚሁ ይታጠብ። እንዴት እንደሚታጠብ እናሳየዋለን።” ዶክተር ዘምዘም የተሰፋ ቅንድቧን ዳበስ ዳበስ አደረገች። አልተፈቀደም አላለችም፣ ተፈቅዷል አላለችም፤ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙራ ቆመች።

በረክሻ ያመጣው ታናሽ ወንድሙ ገባ፣ ሐሰቦ ይባላል። ዱላውን ከእጁ አልለቀቀም። “ጣለው” አልኩት፤ አየኝ፣ ጣለው። ጋውን አለበስኩት፣ ቦት ጫማ አጫማሁት። በዕለቱ የነበረኝ ጓንት እጄ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ አውልቄ፣ በበረኪና አጥቤ፣ ለእሱ አጠለቅሁለት። እኔ በደህናው እጄ በረኪና የገባበትን ውሃ በጆግ አፈስሳለሁ፤ እሱ ከቀኝ ጎኑ ጀምሮ፣ በአገሩ ሥርዓት፣ በከንፈሩ እየጸለየ ያጥባል። ልጁ ጥሩ አድርጎ ያጥባል። ፊቱ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

እንባው መጣ። በዚያ ጓንት፣ ወንድሙን ባጠበበት፣ ዓይኑን ሊጠርግ እጁን አነሣ።

ጆጉን ጥዬ አንጓውን ጨመደድኩት። “ፊትህን አትንካ!” ሊያስለቅቀኝ ታገለ፤ ሌላኛው እጁ ቡጢ ሆኖ ተነሣ። “ምታኝ!” አልኩት። “ከፈለግህ ሌላውንም ትከሻዬን ስበረው! ፊትህን ግን አትነካም፤ ሦስተኛ ሬሳ ከቤታችሁ አይወጣም!”

ቡጢው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ወረደ። ልጁ እጆቹን ከሰውነቱ አርቆ እንደያዘ ቆሞ ተንሰቀሰቀ፤ እንባው ከንፈሩ ላይ ሲደርስ እንኳ አልነካውም።

ሸዋአለም እጇን ታጥባ ንጹሕ ፋሻ አመጣች። በእግሯ ጣት ተንጠራርታ ዓይኑን ጠረገችለት፣ ጉንጩን ጠረገችለት፣ አፍንጫውንም ጠረገችለት።

“ቀጥል” አለችው።

ጆጉን አነሣሁና ማፍሰሴን ቀጠልኩ።