የሽመላው ክፍል እንግዳ

ወይዘሮ ግሪዝል ራትሬይ ዘንድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ቁርስ እሠራለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ደረጃ እወለውላለሁ። ቤቱ ፐርዝ ውስጥ፣ ከቴይ ወንዝ አንድ መንገድ ብቻ ገባ ብሎ የተሠራ ጠባብ የድንጋይ ቤት ነው፤ አራት ፎቅ። ከማርጀቱ የተነሳ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ እርሳስ ከወደቀ ተንከባልሎ ግድግዳው ሥር ነው የሚገኘው።

የወይዘሮዋ ባል አባት የሞተ ወፍ ገፍፈው፣ በጭድ ሞልተው ማቆም የሚወዱ ሰው ነበሩ። እኒያ ወፎች ዛሬም በመስታወት ሣጥን ሆነው ደረጃውን ግራና ቀኝ ይዘውታል። ወይዘሮ ራትሬይ ቤቱ እጃቸው ሲገባ የየክፍሉን ቁጥር ነቅለው በየበሩ የወፍ ሥዕል ሰቀሉ። ጉጉት፣ ቁራ፣ ጭልፊት፣ ሽመላ። ቁልፎቹ ላይም ከእንጨት የተቀረጸ የየክፍሉ ወፍ አንጠለጠሉ። እንግዶች ይወዱታል፣ ፎቶ ያነሱታል። «ለየት ያለ ቤት» እያሉ ለወዳጆቻቸው ያወሩታል።

ይህ የምነግራችሁ የሆነው በየካቲት ነው። ሳምንት ሙሉ ዘንቦ ወንዙ የድልድዩን ቅስቶች ግማሽ ድረስ ውጧቸዋል። ማክሰኞ ዕለት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ረዥም ሰው በሩን አንኳኩ። ካፖርታቸው የተቦረሸ፣ ክራባታቸው በደንብ የታሰረ፤ እጃቸው ደግሞ እንደ አሮጌ እንጨት ጠቁሯል። አጠገባቸው ሲቆሙ ጭስ ጭስ ይሸታሉ።

«ወንዙን የሚያየውን ክፍል» አሉ። «ለሁለት ሰው።»

«ባለቤትዎስ?» አሏቸው ወይዘሮ ራትሬይ።

«ከኋላ ናት። ትመጣለች።»

የእንግዳ መዝገቡ ላይ ስም በሚጻፍበት ቦታ «እኔና ባለቤቴ» ብለው ጻፉ። ሌላ ነገር የለም። የሽመላውን ቁልፍ ተቀብለው ወጡ። እስከ ማታ ጠበቅን፤ ማንም አልመጣም።

«ወይ ሴትዮዋ ነቅታበታለች፣ ወይ ድሮም ሴትዮ የለችም» አሉ ወይዘሮ ራትሬይ። ሁለታችንም ሳቅን።

በማግስቱ ሰውየው ቁርስ ላይ ሁለት ሳህን አዘዙ። «አሁን ትወርዳለች» አሉኝ። ሻይ ለራሳቸው ቀዱ፣ ለባዶው ወንበርም ቀዱ፣ እንዳይቀዘቅዝ ብለው ትንሿን ሳህን ስኒው ላይ ከደኑበት። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አፌን በፎጣ ይዤ ሳቅሁ። ይሄንንም አልደብቅም።

ከቀትር በኋላ ከላይ ጩኸት ሰማን። ጉጉት ክፍል ያረፉ ከሊድስ የመጡ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ በር ሲከፍቱ ሰውየው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ሲፈቱ አገኟቸው። ወይዘሮ ራትሬይ ይቅርታ ጠይቀው፣ ሰውየውን ወደ ክፍላቸው መልሰው ሳይጨርሱ የምግብ ቤቱ ኮርኒስ መንጠባጠብ ጀመረ። ቀጥሎ የልስኑ ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ዷ ብሎ ወረደ።

ሮጬ ወጣሁ። ቁራ ክፍል በሩ ተከፍቷል፣ የመታጠቢያው ገንዳ ሞልቶ ይፈሳል፣ ምንጣፉ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ሰውየው ኮሪደሩ ላይ በአንድ እግር ካልሲ ቆመዋል። ፊታቸው ቀልቷል፣ ምላሳቸው ተሳስሯል።

«ሰባት ቁጥር የት ሄደ?» አሉኝ። «እዚህ ነበር እኮ።»

ሽርጤ በስብሷል። ያንን ሁሉ ምንጣፍ የምጨምቀው እኔ ነኝ፣ ወገቤን ደግሞ ያመኛል። በየክፍሉ ለእንግዳ የምናስቀምጣት ትንሽ የውስኪ ጠርሙስ አለች፤ የቁራ ክፍሏ ተከፍታ መደርደሪያው ላይ አየኋት። ያን ክፍል የያዙት ሰዎች ይክፈቷት ወይስ ሌላ ሰው፣ አላሰብኩበትም። ወርጄ ለወይዘሮ ራትሬይ፣

«ሰክሯል» አልኳቸው። «ድብን ብሎ ሰክሯል ሰውዬው።»

«እርግጠኛ ነሽ ኤፊ?»

«አፍንጫ የለኝም እንዴ? ይሸታል እኮ!»

የሸተተኝ የካፖርቱ ጭስ ነው። መጠጥ አልሸተተኝም። ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ራትሬይ የሰውየውን ሻንጣ ራሳቸው አዘጋጅተው በር ላይ አስቀመጡት። ዝናቡ ይወርዳል። ሰውየው አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም። ባርኔጣቸውን አንሥተው፣

«ይቅርታ እመቤቴ፣ አስቸገርን» አሉ። «ባለቤቴ ስትመጣ ታች ነኝ በሉልኝ።»

በመስኮት አየኋቸው። ወደ ባቡር ጣቢያው ሳይሆን ወደ ወንዙ ታጠፉ። መጋረጃውን ለቅቄ ምንጣፌን ልጨምቅ ሄድኩ። ቁልፉን ይዘው መሄዳቸውን ያወቅነው ሲመሽ ነው።

እሑድ ጠዋት አንዲት አጭር ሴት መጡ። ፀጉራቸውን በዝናብ ላስቲክ ሸፍነው፣ በእጃቸው ፎቶግራፍ ይዘዋል።

«ኤልስፔት ካርጊል እባላለሁ። ከአርብሮዝ ነው የመጣሁት» አሉ። «ባሌ ጠፍቶብኝ ነው። ዱጋልድ ይባላል። አእምሮው መዘንጋት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። ገበያ ደርሼ ስመለስ ሻንጣውን ይዞ ወጥቷል። ፖሊስ እዚያው አርብሮዝ ወደቡን ነው የሚፈልገው። እኔ ግን ትላንት አልጋ ውስጥ ሆኜ ይሄ ቤት ትዝ አለኝ። የዛሬ አርባ አራት ዓመት ጫጉላችንን እዚህ ነበርን። ሰባት ቁጥር፣ ወንዙን የሚያየው።»

ፎቶውን ዘረጉ። የማክሰኞው እንግዳ ናቸው። ከዓሣ ማጨሻ ቤት ደጃፍ ቆመው፣ ሽርጥ ለብሰው፣ ሁለት የተጨሱ ዓሣዎች በጅራታቸው አንጠልጥለው ይስቃሉ።

ወይዘሮ ራትሬይ ፎቶውን ለረዥም ጊዜ አዩት።

«አይ» አሉ። «እዚህ አልመጣም።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ የኔ እናት? ደህና አድርገሽ እይልኝ።»

ፎጣ ታቅፌ ነበር። አላየሁም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

«እንግዲያ እጠብቀዋለሁ» አሉ። «ከመጣ የሚመጣው እዚህ ነው። ሰባት ቁጥር ባዶ ነው?»

የዛሬው የሽመላ ክፍል ነው፤ ባዶ ነበር። በሁለተኛው ቁልፍ ከፈትኩላቸው።

ወጥ ቤት ስንገባ ወይዘሮ ራትሬይ የመዝገቡን ገጽ ቀድደው ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

«ምን ልበላት?» አሉኝ፣ እኔ ሳልናገር። «የታመመ ሽማግሌ በዝናብ አስወጣሁ ልበላት? አንዱ ቤት ተጠልሎ ይሆናል። ይገኛል። ሲገኝ እንነግራታለን፣ ያኔ አይከብድም።»

«ቢናገርስ?»

«ምኑን አስታውሶ?»

ወይዘሮ ኤልስፔት ስምንት ቀን ተቀመጡ። ሲነጋ ይወጣሉ፣ ከከተማው ሰሜናዊ መስክ እስከ ደቡባዊው መስክ የወንዙን ዳር ይዘው ይሄዳሉ፣ ላገኙት ሁሉ ፎቶውን ያሳያሉ። ከምሳ በኋላ ተመልሰው እንደገና ይወጣሉ። ወይዘሮ ራትሬይ እንደ እህት ነበሩላቸው። ጫማቸውን ጋዜጣ ጠቅጥቀው እሳት ዳር ያደርቁላቸዋል፣ አልጋቸውን በሙቅ ውኃ ላስቲክ ያሞቁላቸዋል፣ የገብስ ሾርባ ክፍላቸው ድረስ ይዘው ይወጣሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም ሾርባ ይዘው ሲወጡ አይቻቸው አላውቅም።

ሴትዮዋ ወጥ ቤት መጥተው ከእኔ ጋር መቀመጥ ለመዱ። ስለ ዱጋልድ ያወሩኛል። ዓሣ ሲያጨሱ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት፤ ካፖርቱን ስንት ጊዜ ቢያጥቡት ጭሱ አይለቅም። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ።

«አንድ ነገር ደስ ይለኛል። ሰካራም ነው ብሎ የሚገፈትረው አይኖርም። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅማ። አባቱን መጠጥ ነው የገደለበት፤ ሽታውን እንኳ ይጠላል።»

ሳህን እያጠብኩ ነበር። ውኃው እጄን እያቃጠለኝ አላወጣሁትም።

«ምነው ዝም አልሽ ኤፊ?»

«ደክሞኝ ነው» አልኩ።

በአምስተኛው ቀን ክፍላቸውን ስጠርግ ከአልጋው ሥር፣ ግድግዳው ጋ፣ አንድ ግራጫ ካልሲ አገኘሁ። ተረከዙ በጥንቃቄ በክር ተጠግኗል፤ የማን እጅ እንደጠገነው አያጠያይቅም። የት እንደተገኘ ሳልናገር ጠረጴዛው ላይ ባስቀምጠው ኖሮ ሁሉም ነገር ያን ቀን ያበቃ ነበር። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼው ወረድኩ፣ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ከድንች ልጣጭ በታች ቀበርኩት።

በሳምንቱ እሑድ ዝናቡ አባራ፣ ወንዙም ጎደለ። ሰኞ ቁርስ ላይ አንድ የፖሊስ ሳጅን ገባ። ቆቡን አውልቆ ወይዘሮ ኤልስፔት አጠገብ ተቀመጠ። ከከተማው በታች ካለችው ደሴት ዳር፣ አሸዋው ላይ፣ የአንድ ሰው አስከሬን መገኘቱን ቀስ ብሎ ነገራቸው። ካፖርት የለበሱ ናቸው አለ።

ሴትዮዋ አላለቀሱም። «ጭስ ይሸታል?» ብለው ጠየቁ።

ሳጅኑ ከኪሱ የላስቲክ ከረጢት አወጣ። «ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይሄ ነበር። የቤታችሁ ቁልፍ ነው? የምታውቁት ከሆነ ብዬ ነው።»

ውኃ የጠጣ የእንጨት ሽመላ ነው። ወይዘሮ ኤልስፔት አዩት። የራሳቸውን ቁልፍ ከሹራባቸው ኪስ አወጡና ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ሁለት ሽመላዎች። እጄ ላይ የጥብስ ዳቦ ማቅረቢያውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

«እዚህ ነበር» አሉ።

ፊታቸውን ከቁልፎቹ አነሡ።

«ወይዘሮ ራትሬይ፣ ባሌ እዚህ ነበር?»

ወይዘሮ ራትሬይ የወንበሩን ጀርባ ያዙ። «ነበር። አንድ ሌሊት አደረ። በማግስቱ ቤቱን በውኃ አጥለቀለቀብኝ፣ የሰው ክፍል ገባ። ሰክሯል ብዬ አሰብኩ። አስወጣሁት።»

«ሰክሯል ያለዎት ማነው?»

ወይዘሮ ራትሬይ ወደ እኔ አልዞሩም። ዓይናቸውን እንኳ አላነቃነቁም።

«ማንም። ራሴ ነኝ ያልኩት» አሉ።

እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ሲባባሉ የቆዩ ሴቶች ናቸው። አሁን ኤልስፔት ብድግ ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «አንቺ» አሉ። «እሱን ካስወጣሽበት ክፍል አስተኛሽኝ። ስምንት ቀን ወንዝ ዳር ስልከሰከስ እያየሽኝ ሾርባ አጠጣሽኝ። ያን ቀን እውነቱን ብትነግሪኝ ከዚህ በር ጀምሬ እፈልገው ነበር። ምናልባት በሕይወት ላላገኘው እችል ነበር። ስምንት ቀን ግን ውኃ ውስጥ አልተወውም ነበር።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ታውቂ ነበር?»

«እኔ ቁርስ ብቻ ነው የምሠራው» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይሄ ነው።

ወጥተው ሻንጣቸውን ይዘው ወረዱ። ሳጅኑ ተቀበላቸው። በሩን እሱ ነው የዘጋው።

ፖሊስ ቃላችንን ተቀበለ፤ በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር አልተገኘም። የከተማው ጋዜጣ ግን ጻፈው። ሰዎች መጥተው ከመንገዱ ማዶ ቆመው ቤቱን ያያሉ፣ አይገቡም። ወይዘሮ ራትሬይ አንድ ጠዋት ሥዕሎቹን ሁሉ አወረዱና የድሮዎቹን የነሐስ ቁጥሮች ከጓዳ ፈልገው በየበሩ በምስማር መቱ። ሰባትን ሲመቱ አውራ ጣታቸውን በመዶሻ አገኙት፤ ደሙን እያዩት እንኳ መምታት አላቆሙም።

«ለምን ስሜን አላነሱም?» አልኳቸው የዚያን ቀን።

«ምን ይጠቅማታል? አንቺ ገና ሥራ ትፈልጊያለሽ፤ እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ደግሞ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።» ጣታቸውን በጨርቅ ጠመጠሙ። «አንቺ ግን አሸተትሽው፣ አይደል? ቢያንስ ሸትቶሽ ነበር?»

«ሸትቶኝ ነበር» አልኳቸው። እሳቸውንም ዋሸኋቸው።

በግንቦት አውቶቡስ ተሳፍሬ አርብሮዝ ሄድኩ። ቤታቸውን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ወደቡ አጠገብ ሁሉም ያውቃቸዋል። ራሳቸው ከፈቱ። ከስተዋል። ግቢ አላሉኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰክሯል ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ምንም እንዳልሸተተኝ፣ ስለ ምንጣፉ፣ ስለ ካልሲው።

በሩን በእጃቸው እንደያዙ ጠየቁኝ።

«ካልሲውን የት ጣልሽው?»

«ቆሻሻ ውስጥ።»

ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። «እሺ። አሁን ነገርሽኝ። ምን እንድልሽ ነው የመጣሽው?»

መንገዱን ሁሉ ሳስብ የመጣሁት እኔ የምለውን እንጂ እሳቸው የሚሉትን አልነበረም።

«አላውቅም» አልኩ።

«እኔም አላውቅም» አሉ። «ሂጂ በቃ። አውቶቡሱ ያመልጥሻል።»

በሩ ሲዘጋ ቁልፉ ከውስጥ ሁለቴ ሲዞር ሰማሁ። አውቶቡሱ አምልጦኝ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ሌላው እስኪመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ደህና ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ደህና ነኝ አልኳት።

ወይዘሮ ራትሬይ ቤቱን ሸጠው እህታቸው ዘንድ ገቡ፤ ባለፈው መጸው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከቄሱ ጋር ሰባት ሰው ነበርን። እኔ አሁን አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እልጣለሁ። ወንዙን ሳላይ ለመሄድ ስል በላይኛው መንገድ ነው የምዞረው፤ ሃያ ደቂቃ ይጨምርብኛል።