ጣሂር ብለሽ ጠይቂ

ዘሪሁን የሞተው በኅዳር ነው። እህቱ ዝናሽ ግን እስከ ሰኔ ድረስ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ እየቆመች ትጠብቀው ነበር። ጥፋቱ የጓደኛው የሙሄ ነው፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ራሱ ሙሄ ያውቀዋል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆንማ አንድ ቀን ይሰለቸውና እውነቱን ይነግራት ነበር።

ነገሩ የሆነው ከሳዑዲዋ ጂዛን ወደ ተራራው ሲወጡ ባለው ትልቅ ግድብ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ ተራሮቹ ላይ ሲዘንብ ጎርፉ ደለሉን እየገፋ መጥቶ ሸለቆውን ይሞላዋል፤ ያኔ ዓሣው ወደ ወንዙ አፍ ይወጣል። ኅዳር ላይ ውሃው ሲጠራ፣ ውሃ በዋጣቸው ግራሮች መሃል ይሸሸጋል። ሰኔ ላይ ግድቡ ሲጎድል ግራሮቹ እስከ ሥራቸው ይታያሉ፤ ዓሣውም በቅርጫት ይታፈሳል። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያውቀው ሙሄ ነበር። ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ተወልዶ ታንኳ ላይ ያደገ ሰው ነው። ዘሪሁን የደላንታ ደገኛ ነው፤ ውሃ የሚያውቀው በእንስራ ብቻ።

ሁለቱ የየመንን ድንበር በእግራቸው አብረው ተሻገሩ። ሳብያ ገበያ ላይ የቀን ሥራ ሲጠብቁ አቡ ሳሌም የሚባል ሰው በፒካፑ ጭኖ ወሰዳቸው። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ የላቸውም፤ እሱም አልጠየቃቸውም። በርሜል አስረው ታንኳ ሠሩለት፤ እነሱ ያጠምዳሉ፣ እሱ ይሸጣል። ሙሄ ጓደኛው እስላም እንዲመስል ጣሂር የሚል ስም አወጣለትና ሰላምታውንም ውዱውንም አስተማረው። ማተቡን ግን ዘሪሁን አልጥልም አለ፤ ከአንገቱ ፈትቶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሰረው። የጥጡ ክር ከውሃ ብዛት ሲበጠስበት ሙሄ ቁጭ ብሎ ከመረብ ናይለን አዲስ ገመደለት።

"ይኼንስ አምባዛም አይበጥሰው" አለው።

"እስላም የገመደው ማተብ! የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?" ብሎ ዘሪሁን ሳቀ።

ኅዳር ላይ ወረቀት የሌለውን ሁሉ ማፈስ ተጀመረ። አንድ ጠዋት ዘሪሁን ግራሮቹ ላይ የተጠለፈውን መረብ ሊያላቅቅ በታንኳው ገብቶ ሳለ የሹርጣ መኪና ፖሊሶች ጭና ግድቡ ላይ መጥታ ቆመች። ሙሄ ታንኳውን ወደ ዳር የሚስብበትን መወርወሪያ ገመድ እንደያዘ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ሥር ተጋደመ። ዘሪሁን እንዳያዩት ከታንኳው ወርዶ ቅርንጫፍ ይዞ ውሃው ውስጥ ተደበቀ። መረቡ እግሩን ጠመጠመው፤ ቅርንጫፉም ከዳው።

"ሙሄ" አለ። "ገመዱን።"

ቢጮህ ሹርጦቹ ሰምተው ያወጡት ነበር። እሱ ግን ሙሄን ላለማስያዝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጠራው። ሦስት ጊዜ ጠራው። ገመዱን ለመወርወር መነሳት ያስፈልጋል፤ ሙሄ አልተነሳም። ሹርጦቹ ሲጋራቸውን አጭሰው ሲሄዱ ነው ተነስቶ የዘለለው። እስኪመሽ ጠለቀ፤ ከጭቃና ከእሾህ በቀር የጨበጠው ነገር የለም።

አቡ ሳሌም ሲሰማ እጁን አራገፈ። "ኸላስ፣ አለቀ። አፍህን ከከፈትክ አንተም ትገባለህ።"

በሦስተኛው ቀን ዝናሽ ሚስኮል አደረገች፤ ሙሄ መልሶ ደወለ።

"አያ ሙሄ፣ የዘሪሁን ስልክ እምቢ አለኝ።"

"ያዙት" አለ ሙሄ። እንዴት ከአፉ እንደወጣ እሱም አያውቅም። "ደህና ነው፣ ወላሂ። ከሰዉ ጋር ወደ አገር ይመልሱታል።"

"የመጡትን ማን ብዬ ልጠይቅ?"

"ጣሂር ብለሽ ጠይቂ። እዚህ ስሙ እሱ ነው።"

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ውሸትም እንደዚያው። ዝናሽ ከደላንታ አዲስ አበባ ወርዳ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች፣ ተመላሽ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ትቆማለች። ሙሄ ዓርብ ዓርብ ይደውልላታል። አንዱ ተመላሽ ጣሂርን ጂዛን እስር ቤት አየሁት ይላታል፤ ሌላው ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል ይላታል። ማንም አልዋሻትም። ጣሂር የሚባል ሰው መቼ ጠፍቶ! በዚያው በጋ ከግራሮቹ ሥር የተያዘው ዓሣ ከየትኛውም ዓመት በለጠ። አቡ ሳሌም ደስ አለው። ሙሄ ግን ከዚያ ወዲህ ዓሣ በአፉ አልዞረም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እዚህ ግድብ ላይ እውነት የምትወጣው ውሃ ሲጎድል ነው። ሰኔ ላይ፣ አንደኛው ዓርብ ጠዋት፣ ሙሄ በጭቃው መሃል ወደ ግራሮቹ ተራመደ። የተቀዳደደ መረብ አገኘ፤ በመረቡ ውስጥ የእግር አጥንት፣ በአጥንቱ ላይ ናይለን ክር። ቋጠሮው የገዛ እጁ ቋጠሮ ነው። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ የቀረውን ለቃቅሞ ከውሃው በላይ ቀበረው፤ ማተቡን በጭብጡ ይዞ ስልኩን አወጣ። ዛሬ ይነግራታል። ዛሬ ካልነገራት መቼም አይነግራትም።

"ዝናሽ..."

"አያ ሙሄ! እንኳን ደወልክ!" ከኋላዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል። "ዝርዝሩ ላይ ጣሂር አለ! ከጂዛን ነው! እማዬም ፍየሏን አስራ እየጠበቀች ነው።"

"ዝናሽ፣ ስሚኝማ..."

"ቆይ፣ ስልኩን እንዳትዘጋው፤ እየወጡ ነው። ያውልህ፣ እየጠሩት ነው!"

ሙሄ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ቆመ። ጣሂር ብሎ የሚጣራ ሰማ። አቤት የሚል የማያውቀው ድምፅ ሰማ። ከዚያ የእሷን ትንፋሽ ሰማ።

"እሱ አይደለም" አለች ዝናሽ። "ሽማግሌ ናቸው።"

ማተቡ መዳፉን ቆረጠው።

"አያ ሙሄ፣" አለች፣ ድምፅዋን እንደ ወንድሟ ዝቅ አድርጋ፣ "ሌላ ጣሂር ይኖራል፣ አይደል?"

ከዳር አቡ ሳሌም የፒካፑን ጥሩምባ እየነፋ "ያላ!" ይላል።

"ይኖራል" አለ ሙሄ። "በሚመጣው ዓርብም ሌላ በረራ አለ አሉ።"