የጠብታዋ ሽታ

የመኪና ባትሪ ፈታኟ አፍንጫዋን ማመን ካቆመች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ባሏ በሙከራ መኪና ውስጥ ተቃጥሎ ከሞተ ጀምሮ ያ ሽታ አልለቃት ብሏል፤ መብሰሉ ያለፈ ፍራፍሬ ከጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጋር የተቀላቀለ የሚመስል፣ ጣፋጭ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። የባትሪ ፈሳሽ ሽታ ነው። ትራሷ ላይ ይሸታታል፣ አውቶቡስ ውስጥ ይሸታታል። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት መሃል ብድግ ብላ «ውጡ!» ስትል ጮኻ ሙሽሮቹን አስደንግጣለች። ዘመድ እስከ ዛሬ እንደ ቀልድ ያወራዋል፣ እሷ ፊት ግን አይደለም።

ስለዚህ ያን ረቡዕ ጠዋት የአርባ አንደኛውን ሙከራ አንድ ሴል፣ ባትሪው የሚገጣጠምበትን ጠፍጣፋ እሽግ፣ ከትሪው ስታነሳ ያው ሽታ ሽው ሲልባት፣ «መጣህ ደግሞ» አለች በልቧ፣ ባሏን እንደምትቆጣ ሁሉ።

የምትሠራው «ደረቁ ክፍል» በሚሉት ውስጥ ነው። እንደ ስሙ ደረቅ ነው። እርጥበት ዝር ስለማይልበት ከንፈር ይሰነጥቃል፣ እንባ እንኳ ጉንጭ ላይ ሳይደርስ ይደርቃል። በድሮው የመኪና ባትሪ፣ ባሏን ባቃጠለው ዓይነት ውስጥ፣ ኤሌክትሪኩን ከወዲያ ወዲህ የሚያሻግረው እሳት የሚወድ ፈሳሽ ነበር። እዚህ የሚሠሩት ባትሪ ግን ፈሳሽ የለበትም፤ የሚያሻግረው እንደ ወረቀት የሳሳ ሸክላ ነው። ሸክላ ቢመቱት ይሰበራል እንጂ አይነድም። ፈሳሽ ከሌለ ሽታ የለም። ሽታ ካለ ደግሞ ያለው የፈታኟ ጭንቅላት ውስጥ ነው። አለቃው ይህን ስንት ጊዜ ነግሯታል።

ያን ቀንም ነገራት።

«ያንቺ ነገር እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው» አላት፣ ከንፈሩን ቅባት እየቀባ። «ነገ ከሰዓት ይህ ባትሪ የሚገጠምለት መኪና ለሙከራ ይወጣል። የቀረን ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው። ካልወጣ ክፍሉ እንደሚዘጋ ታውቂያለሽ፤ የላይኞቹ ትዕግሥት አልቋል።»

ታውቃለች። ሌላም ታውቃለች፤ መኪናውን የሚነዳው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ፍሬን» ይለዋል፣ ፍሬን መርገጥ የሚባል ነገር ስለማይወድ። ጠዋት በር ላይ አግኝቷት «እህት ዓለም፣ ነገ ወንበር ላይ ነው ወይስ ምድጃ ላይ የምታስቀምጪኝ?» ብሎ ቀልዶባት ነበር። አልሳቀችም። እሱም ምን እንዳለ ሲገባው ዓይኑን ሰብሮ ሄደ።

ሸክላውን የሚሠሩት የሁለቱ ወንድማማቾች አባት፣ አማቷ ናቸው። «አባባ» ትላቸዋለች። ዱቄቱን ጨምቀው ምድጃ ያስገቡታል፤ ሲወጣ እያንዳንዱን ሸክላ ጆሯቸው ሥር ይዘው በጥፍራቸው ነካ ያደርጉታል። ደህናው ያቃጭላል፤ የተሰነጠቀው ደነዝ ድምፅ ይሰጣል። ማሽን የሚያልፈውን ስንጥቅ እሳቸው በጆሮ ይይዙታል። አፍንጫ ግን የላቸውም። ልጃቸው የተቃጠለ ዕለት የመኪናው በር አልከፈት ብሎ በሁለት መዳፋቸው ሲደበድቡት፣ ጭሱ ማሽተቻቸውን ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሽቶውም ግማቱም ለእሳቸው አንድ ነው። መዳፋቸውም ጠባሳ ብቻ ነው።

ፈታኟ ብዕር አነሳች። ሽታው አልሄደም። መልሳ አስቀመጠችው።

«እሺ፣ እኔ አብጃለሁ» አለች ለራሷ። «ሚዛኑስ?»

ሚዛን ባል አልሞተበትም። ሴሉን መዘነች፤ ጫፉን በመርፌ በሳች፤ አየር የሚመጥ ማሞቂያ ውስጥ የምሳ ሰዓቱን ሙሉ አቆይታ እንደገና መዘነች። የደረቀ ነገር ቢሞቅ አይጎድልም። ሴሉ ጎድሏል። የጎደለው እዚህ ግባ አይባልም፣ የአንዲት ጠብታ ክብደት ነው። ከዚያው ትሪ ሁለት ሴል ጨመረች። እነሱም ጎደሉ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። አላበደችም ማለት ነው። ይህን ለመስማት ሁለት ዓመት ስትጸልይ ኖራ፣ አሁን ሲመጣላት እብደቷን ተመኘች።

ምክንያቱም ሴሎቹን የሚያሽገው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባባ። ሸክላውና ሊቲየም የሚሉት የባትሪው ብረት እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንድ ላይ ቢያሽጓቸውም በደንብ አይነካኩም። በመሃላቸው አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ጣል ቢደረግ ግን ወዲያው ይታረቃሉ። ባሏ በሕይወት ሳለ «ሽማግሌ እንላክባቸው ይሆን?» እያለ አባቱን ያስቅ ነበር። ቀልድ ነበር፤ አንድም ቀን አላደረገውም።

አባባ እጃቸውን እስከ ክንድ በማሸጊያው ሳጥን ጓንት ውስጥ ከተው ሲሠሩ አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ሽማግሌ ልከዋል?»

እጃቸው ጓንቱ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ለመካድ አልሞከሩም፤ በሰባ ዓመት ውሸት አይጀመርም።

«አርባ ጊዜ ሠራሁት፣ ልጄ። አርባ ጊዜ እንቢ አለኝ። ሸክላው ደህና ያቃጭላል፣ ሳሽገው ይኳረፋል። እሱ የደከመበት ክፍል ከተዘጋ ልጄን ሁለተኛ መቅበሬ ነው። ለምን ሞተ ልበል?»

«ነገ የሚነዳው እኮ ፍሬን ነው!»

«አንዲት ጠብታ ናት።»

«ልጅዎን የገደለችው ይቺው አይደለች? እርስዎ በገዛ እጅዎ…» መጨረስ አቃታት።

አባባ እጃቸውን አውጥተው መዳፋቸውን ተመለከቱ። «አልሸተተችኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ስጨምራት ውሃ መሰለችኝ። ብትሸተኝ ኖሮ እጄ አይታዘዘኝም ነበር።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። አባባም የሞተውን ልጃቸውን አነሳለሁ ሲሉ የቆመውን ሊጥሉ ነበር። ፈታኟ ልትጮህባቸው ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን እነዚያን መዳፎች እያዩ መጮህ አይቻልም። እጃቸውን ይዛ ወደ አለቃው ወሰደቻቸው።

አለቃው ሰማና ትከሻውን ሰበቀ። ሌላ ጊዜ ለአንድ ብሎን ሲያንባርቅ የሚውል ሰው፣ ያን ቀን የዋህ ሆኖ አረፈው። «በአንዲት ጠብታ አገር አይቃጠልም። ሁሉም ጠብ ያደርጋል፣ ማን ያወራዋል?»

«እንግዲያው ምስማር ይመታ» አለች።

«ምስማሩን የምጫነው እኔ ነኝ» አሉ አባባ።

የምስማር ፈተና የሚባለው ይህ ነው፦ ኤሌክትሪክ የተሞላ ሴል ወፍራም መስታወትና የብረት በር ባለው ጓዳ ይቀመጣል፤ በሩ ይቆለፋል፤ ከውጭ ቁልፍ ሲጫኑ ምስማር ወርዶ ይወጋዋል። ደረቅ ሴል ዝም ይላል። ፍሬንም ወሬው ደርሶት መጣ፤ የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ከኋላ ቆመ።

አባባ የምስማሩን ቁልፍ ተጫኑ። ምስማሩ ገባ። አምስት ሰከንድ፣ አሥር። አለቃው «አላልኳችሁም?» ለማለት አፉን ከፈተ። ያኔ ሴሉ አበጠ፣ አፏጨ፣ ቦግ አለ።

ነበልባሉ ከእጅ መዳፍ አይበልጥም ነበር። አባባ ግን መዳፍ የሚያክል እሳት አልነበረም ያዩት። ዘለው የብረቱን በር በሁለት እጃቸው ይደበድቡት ጀመር።

«ክፈቱለት! በሩን ክፈቱለት! ልጄ ውስጥ ነው!»

የፍሬን ቁልፍ ወለሉ ላይ ወደቀ። አባቱን ከኋላ አቀፋቸው። «አባባ! እዚህ ነኝ፣ ውጭ ነኝ፣ እየኝ!» ሽማግሌው ዞረው ፊቱን በጣታቸው ዳበሱት፤ ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ አገጩን። የትኛው ልጃቸው እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ፈጀባቸው። አለቃው የመኪናውን መውጫ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ለሁለት ቀደደው። ክፍሉ ምን እንደሚሆን ያን ሰዓት የጠየቀ የለም።

አባባ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በጠባሳ እጃቸው አፍንጫቸውን ያዙ።

«ሸተተኝ» አሉ።

ፍሬን በልመና ዓይን ፈታኟን አየ። ከጓዳው ወደ ክፍሉ ምንም ሽታ እንደማይወጣ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ጭሱን ማራገቢያው በጣራ ቱቦ ነው የሚወስደው።

«ጣፋጭ ነው» አሉ አባባ። «ጉሮሮ ይይዛል። አንቺ አይሸትሽም፣ ልጄ?»

ፈታኟ አየሩን ወደ ውስጥ ሳበች። የሻርፗን ጫፍ አሸተተች። ምንም የለም። ሁለት ዓመት ትራሷ ላይ ያደረ ሽታ፣ ከባሏ የቀራት የመጨረሻ ነገር፣ ድንገት ጥሏት ሄዷል። የአባባን ዓይን ስታይ ወደ ማን እንደሄደ ገባት። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው» ሲሏት እንዴት ብቻዋን እንደነበረች አስታወሰች። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

«ይሸተኛል፣ አባባ» አለቻቸው።