ገመድ የያዘው ሻርክ

ያቺ የባሕር ሰፍነግ በቀን አራት ጊዜ ትገኛለች። ጠዋት አናርጊሮስ ጎብኚዎቹን ከማሳፈሩ በፊት ድንጋይ አስሮ ወንዙ አፍ ላይ ይጥላታል። ከዚያ አጎቱ ስኬቮስ የጠላቂ የመዳብ ራስ ቁሩን አጥልቆ ይወርድና፣ ከአሥር ደቂቃ ብርቱ ፍለጋ በኋላ ይዟት ይወጣል። ጎብኚዎቹ ያጨበጭባሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትገኝ የኖረች ሰፍነግ ናት፤ ጠርዟ ተበልቶ አልቋል። በፍሎሪዳዋ የግሪክ ሰፍነግ ጠላቂዎች ከተማ፣ ታርፖን ስፕሪንግስ ውስጥ፣ የሷን ያህል የሠራ ሰው የለም።

ፓኖርሚቲስን የሚያበግነው ግን ሰፍነጓ አይደለችም፤ ሻርኩ ነው።

ሻርኩን የፈጠረው አናርጊሮስ ነው። ስኬቮስ ግራ እግሩን ይጎትታል፤ ጎብኚ ደግሞ የሚጎተት እግር አይቶ ሳይጠይቅ አያልፍም። ስለዚህ አናርጊሮስ የድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ለጥፎ፣ "ክቡራትና ክቡራን፣ አጎቴን ሻርክ እግሩን ይዞት ነበር፤ እሱ ግን አፍንጫውን በጡጫ ብሎት አመለጠ" ይላል። ሴቶቹ ደረታቸውን ይይዛሉ፤ ወንዶቹ የስኬቮስን ጡጫ ያያሉ። ስኬቮስም አያስተባብልም፤ እንዲያውም ይመቻቸው ብሎ ጨበጥ ያደርገዋል። እውነተኛው ሻርክ በዚህ ጊዜ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ የገለባ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ገመድ ይዞ ቆሟል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ የስኬቮስ እህት ባል ነው፤ ስሙም ፓኖርሚቲስ ይባላል።

ነገሩ የሆነው ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ስኬቮስ የምር ጠላቂ፣ ፓኖርሚቲስም የምር ገመድ ያዥ ነበሩ። ገመድ ያዥ ማለት ጀልባው ላይ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ሰዓቱ ላይ፣ አንዱን አረፋው ላይ ጥሎ፣ የታችኛውን ሰው ነፍስ በጣቶቹ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ከላይ አንድ ጊዜ ከተሳበ "ጊዜህ አልቋል፣ ውጣ" ማለት ነው። ከታች ሁለት ጊዜ ከተሳበ "ተወኝ" ማለት ነው። ያን ቀን ጥልቁ ውስጥ ሰፍነጉ እንደ ጎመን ማሳ ተንጣልሎ ነበር። ፓኖርሚቲስ አንዴ ሳበ፤ ስኬቮስ ሁለቴ መለሰ። ደግሞ ሳበ፤ ደግሞ ሁለቴ መለሰለት። ፓኖርሚቲስም ተወው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ተወው። ስኬቮስ ወጣ፣ ሲጋራ ለኮሰ፣ ቀለደ፣ ሲጋራውን ሳይጨርስ ወደቀ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከልክ በላይ ሲቆዩ ደም ውስጥ የሚገባ አየር ቀልድ አያውቅም፤ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ቀኝ እግሩ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሰለት፤ ግራው እስከ ዛሬ እያሰበበት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች በቃል ተነጋግረው አያውቁም። ተለያይተው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ግን ቴሜሊና የአንዱ እህት፣ የሌላው ሚስት ሆና ተገኘች፤ እሑድ እሑድም ሁለቱን አንድ ገበታ ላይ ታስቀምጣቸዋለች።

"ለባልሽ ንገሪው፣ ጨው ያቀብለኝ" ይላል ስኬቮስ፣ ጨው ያዡን ሰውዬ እያየ።

"ለወንድምሽ ንገሪው፣ ደም ግፊት እንዳለበት" ይላል ፓኖርሚቲስ።

"ለባልሽ ንገሪው፣ እሱ ለጤናዬ መጨነቅ የጀመረው ትንሽ ቆይቶ እንደሆነ።"

ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ፓኖርሚቲስ "ተወኝ አለ፣ ተውኩት፤ ምን ላድርግ?" ይላል። ስኬቮስ ደግሞ፣ "እዚያ ጥልቀት ላይ ሰው በአየሩ ይሰክራል። እኔስ ሰክሬ ነው፤ እሱ ምን ሆኖ ነው?" ይላል። ከዚያ ወይ ሾርባው ይመጣል፣ ወይ ቴሜሊና በማንኪያ ጠረጴዛውን ትመታለች።

አናርጊሮስ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የጎብኚ ጀልባውን ሲጀምር፣ ያንን የድሮ የመጥለቂያ ልብስ ማልበስ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ አልቀረም ነበር። የራስ ቁሩ እንኳ ሞልቷል፤ በየምግብ ቤቱ በር ላይ አበባ ተተክሎበታል፤ እያንዳንዱም ባለቤት "አያቴ የሞቱበት" ብሎ ይምላል። እንደዚያ ከሆነ ከጠላቂው የሞተው ይበልጣል። ስኬቮስ ራሱ ነበር፣ "ያንን ባልሽን አምጪው። አንዴ ያደረገ ሰው ሁለተኛ ለማድረግ ያፍራል" ብሎ ለእህቱ የነገራት። ፓኖርሚቲስ መጣ። ገመዱን ይዞ አሥራ ሁለት ዓመት ቆመ። አንዴ ይስባል፣ ስኬቮስ ይወጣል፤ ሌላ ወሬ የላቸውም።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ሐኪሙና የስኬቮስ ሴት ልጅ ተመካክረዋል፤ ሰኞ ኦሃዮ ትወስደዋለች። እዚያ ያለው ጥልቅ ውሃ መታጠቢያ ገንዳዋ ነው። አናርጊሮስም ከሰኞ ጀምሮ በጠላቂ ፈንታ ፊልም ሊያሳይ አስቧል፤ ፊልም አያስነጥሰውም፣ ምሳም አይጠይቅም።

ጠዋት ፓኖርሚቲስ ወደ ጀልባው ሲሄድ ቴሜሊና ሱቋ በር ላይ ተቀምጣ ሰፍነግ በመቀስ እያስተካከለች ነበር።

"ዛሬ ትለዋለህ" አለችው፣ ቀና ሳትል።

"ምኑን?"

"ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ። አንዲት ቃል ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመት አንጀትህ ውስጥ ተሸክመሃት ትዞራለህ፤ እኔ ነኝ ከጎኗ የምተኛው።"

"እሱ ነው እንጂ ተወኝ ያለኝ..."

"ፓኖርሚቲስ፣ ይሄን ዜማ ለሌላ ሰው። ትናንት ምን እንዳለኝ ልንገርህ? ኦሃዮ ከምሄድ እዚያው ውሃው ታች ብቀር ይሻለኛል አለኝ። ሳይስቅ ነው ያለው።" መቀሱን አስቀመጠች። "በወይን ቅጠል የተጠቀለለውን ሩዝ ሠርቻለሁ። ሳትለው ከመጣህ ግን እራት የለህም። የሲሚ ደሴት ሰው አታግቢ ሲሉኝ ብሰማ ኖሮ።"

ፓኖርሚቲስ ሄደ። ቃሏን ማለት ይፈልግ ነበር፤ ይሄንን ማንም አይካደው። ስንት ዓመት መስታወት ፊት ተለማምዷታል። መስታወቱ ይቅር ብሎታል። ስኬቮስ ፊት ሲቀርብ ግን አፉ የሚያውቀው "ተወኝ ብሎኝ" የሚለውን ብቻ ነው።

የቀኑ አራተኛ ጉዞ ደረሰ። ሃያ ሁለት ጎብኚዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ፓኖርሚቲስ ስኬቮስን አለበሰው። እጁን በሳሙና አለስልሶ በልብሱ የጎማ እጅጌ አስገባለት፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራውን ከባድ ጫማ ቀኝ እግሩ ላይ አሰረለት፣ ግራውን እንደ ልማዱ ለስኬቮስ ተወለት፣ የልብሱን አንገት ብሎኖች አንድ በአንድ አጠበቀ። የዚህን ሰው አንገት ከገዛ አንገቱ በላይ ያውቀዋል፤ ከጆሮው ሥር ያለችው ጥቁር ነጥብ ከአምና ወዲህ አድጋለች። አሁን ልበለው ብሎ አሰበ። አፉን ከፈተ።

"ንገረው" አለ ስኬቮስ ለአናርጊሮስ፣ "የራስ ቁሩን መስታወት በኮምጣጤ ይወልውልልኝ፤ እንደ ልቡ ደፍርሷል።"

ፓኖርሚቲስ አፉን ዘጋ፤ መስታወቱን ወለወለ። ራስ ቁሩን ጭኖ ሁለቴ አንኳኳበት። ስኬቮስ በመሰላሉ ወረደ፤ አረፋው ብቻ ቀረ።

"አጎቴ አሁን በአደገኛው ባሕር ወለል ላይ እየተራመደ ነው" አለ አናርጊሮስ በማጉያው። ጥልቀቱ አምስት ሜትር ነው። ባለፈው ዓመት እዚያ የተገኘው አስፈሪ ነገር የገበያ ጋሪ ነበር።

ግን መራመዱ እውነት ነው። ውሃ ውስጥ እግሩ አይጎተትም። ፓኖርሚቲስ ይሄንን በገመዱ ያውቃል፤ የስኬቮስ እርምጃ ከጀልባው እስከ ሱቁ ሲሄድ አንዱ ጠንካራ አንዱ ተሳቢ ነው፣ ታች ግን እኩል ነው፣ እንደ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው። በቀን አራት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ፣ ይሄ ሰው ጤነኛ ይሆናል። ከሰኞ ጀምሮ ግን አይሆንም።

አሥር ደቂቃው ሞላ። ፓኖርሚቲስ አንዴ ሳበ።

ሁለት ጊዜ ተመለሰለት።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስኬቮስ ያንን ምልክት ሰጥቶ አያውቅም። አንድ ደቂቃ ጠበቀ። ደግሞ አንዴ ሳበ። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ሁለቴ ተመለሰ። ተወኝ።

"አጎቴ ፓኖርሚቲስ፣ ይተዉት" አለ አናርጊሮስ ማጉያውን በመዳፉ ሸፍኖ። "የመጨረሻው አይደል? አየሩ እንደሆነ ሞልቷል። እኔ የሻርኩን ታሪክ ልድገምላቸው።"

እውነቱን ነው። አምስት ሜትር ላይ ሰው ምንም አይሆንም። እስከ እራት ቢቆይም ቆዳው ይጨማደዳል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ፓኖርሚቲስ ይሄንን ከማንም በላይ ያውቃል። ቢተወው ማንም አይወቅሰውም፤ ደግነት ነው የሚባለው። ያኔም የተወው ደግነት መስሎት ነበር፤ ስኬቮስ ደስ ብሎታል፣ ትንሽ ይጨምር ብሎ። ይሄንን ለቴሜሊና እንኳ ነግሯት አያውቅም።

ሰዓቱ አራት ደቂቃ አለፈ። አናርጊሮስ ሻርኩን ሁለት አድርጎታል። ፓኖርሚቲስ ለሦስተኛ ጊዜ አንዴ ሳበ። ለሦስተኛ ጊዜ ሁለቴ ተመለሰለት።

ባርኔጣውን ጀልባው ወለል ላይ ጣለና ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ ይጎትት ጀመር።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለ አናርጊሮስ። ማጉያው ክፍት ስለነበር ጥያቄው እስከ ማዶው ዳርቻ ተሰማ።

ከታች ሁለቴ ተሳበ፤ ሁለቴ፤ ደግሞ ሁለቴ፣ በቁጣ። ፓኖርሚቲስ ጎተተ። እግሩን ጀልባው ጠርዝ ላይ ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ሰባ አራት ዓመቱን ሁሉ ወደ ኋላ ጥሎ ጎተተ። ገመዱ መዳፉን ላጠው። እያለቀሰ እንደነበር ያወቀው ጨዉ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ ነው። መዳቡ ብቅ ሲል ጎብኚዎቹ ቆመው አጨበጨቡ፤ የገዙትን ሁሉ አግኝተዋል፣ ከሰፍነጓ በስተቀር።

ስኬቮስ መሰላሉ ላይ እግሩ ከዳው፤ ፓኖርሚቲስ በብብቱ ይዞ አወጣውና አግዳሚው ላይ አስቀመጠው። ብሎኖቹን ፈታ። ራስ ቁሩ ሲነሳ ሥሩ ያለው ፊት እንደ በርበሬ ቀልቷል።

"ተወኝ አላልኩህም?" አለ ስኬቮስ።

ለአናርጊሮስ አይደለም የተናገረው። ለቴሜሊናም አይደለም።

"ብለኸኛል" አለ ፓኖርሚቲስ።

"ሦስት ጊዜ።"

"ሦስት ጊዜ ብለኸኛል።"

"ታዲያ?"

"አልተውህም። ብትለኝም አልተውህም።"

ግሪክኛ የማትሰማ፣ የገለባ ቦርሳ የያዘች ሴት አናርጊሮስን ምን እየተባባሉ ነው ብላ ጠየቀችው። አናርጊሮስም እንኳን ደህና ወጣህ እየተባባሉ ነው አላት በማጉያው። በዚያ ማጉያ እስካሁን ከተነገረው ሁሉ ለእውነት የቀረበው ይሄ ነው።

ስኬቮስ ላቡ ከሽበቱ እየተንጠባጠበ አማቹን አየው። የተላጠውን መዳፍም አየ።

"ስንት ደቂቃ አለፈኝ?" አለ።

"አራት።"

"ዘግይተሃል።"

ስለ አራቱ ደቂቃ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ፓኖርሚቲስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ስኬቮስም ያንን ግራ እግሩን፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ለማንም ያላስነካውን፣ ጫማውን ራሱ የሚያስርለትንና የሚያወልቅለትን፣ ዘረጋለት። ፓኖርሚቲስ ተንበርክኮ የእርሳስ ጫማውን ፈታ።

ወደ ወደቡ ሲመለሱ ቴሜሊና መቀሱን እንደያዘች ቆማ ትጠብቅ ነበር። አንዱ ሲያነክስ፣ ሌላው መዳፉን በመሐረብ ጠቅልሎ ሲደግፈው አየች፤ የባሏ ዓይን መቅላቱንም አየች። ቢሆንም ቃሏ ቃል ነው።

"አልከው?" አለችው።

ፓኖርሚቲስ ቆመ። ያቺን ቃል አላላትም፤ አፉ ውስጥ ፈለጋት፣ አሁንም እዚያው ነበረች። መዋሸት አልፈለገም።

"እኔ እንኳ..." ብሎ ሲጀምር ስኬቮስ አቋረጠው።

"ብሎኛል" አለ ለእህቱ፣ ወገቡን እያሻሸ። "በገመዱ ለሁለት ሊቆርጠኝ ነበር። እራቱን ስጪው።"