የዲምፕና ስቶኪንግ በጠበሉ ዛፍ ላይ

እኅቴ ዲምፕና የእኔን እራት ለውሻው፣ የውሻውን ለእኔ ስታቀርብ ዝም አልኩ፤ ያው ሁለቱም ድንች ነው። ኮት መስቀያውን "አባ፣ ይግቡ እንጂ፣ ምን በር ላይ አቆመዎት?" ስትለውም ዝም አልኩ። መኪናዋን አስነስታ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ጥሳ የገባች ዕለት ግን ትዕግሥቴ አለቀ። እየጎተትኩ ሐኪም ጋ ወሰድኳት።

"የዓይን ሞራ ነው" አለች ሐኪሟ። "ጥቅምት ላይ ጎልዌይ ከተማ ሆስፒታል ሄዳ ይገፈፍላታል። ይህ ቀጠሮ ካለፋት ግን ወረፋው ሁለት ዓመት ነው። እስከዚያ ጨርሶ አታይም።"

ዲምፕና አንገቷን ደፍታ ሰማች። መኪና ውስጥ ስንገባ "አልሄድም" አለች።

"ለምን?"

"ጨርቄ ገና አልበሰበሰማ!"

እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ ላሞቹ ከሚግጡበት መስክ ጥግ፣ የዓይን ጠበል አለ። ቅድስቲቱን አንድ ባላባት ሊያገባት መጥቶ "ዓይንሽ እንዴት ያምራል!" ቢላት፣ ነቅላ ወረወረችለት ይባላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ "አልፈልግህም" ማለት ይበቃ ነበር። ብቻ ዓይኖቿ ከወደቁበት ውሃ ፈለቀ። ሕዝቡ በፀሐይ አዟዟር ጠበሉን እየዞረ ይጸልያል፣ ዓይኑን ይታጠባል፣ ከዚያ ከገዛ ልብሱ ቀድዶ ጎንበስ ባለው የእሾህ ዛፍ ላይ ያስራል። ጨርቁ ሲበሰብስ በሽታውም አብሮት ይጠፋል። ዛፉ ላይ የሌለ ነገር የለም፤ ክራባት፣ የካልሲ ነጠላ፣ የሕፃን ለሃጭ መጥረጊያ። አንድ የጡት መያዣም አለ። የዓይን ጠበል ላይ ምን እንደሚሠራ ቅድስቲቱ ትወቅ።

ታዲያ ሕግ አለው። የሌላ ሰው ጨርቅ የፈታ በሽታውን ይወስዳል። ስለዚህ ማንም አይነካም።

የዲምፕናን ጨርቅ ሄጄ አየሁት። ስቶኪንግ ነው! የናይለን ስቶኪንግ! እኔ በናይለን ገመድ ድርቆሽ ሳስር የኖርኩ ሰው ነኝ። አባቴ ጥሎት የሄደው ገመድ ዛሬም ከመሬት እየወጣ ማረሻዬ ላይ ይጠመጠማል። ያ ስቶኪንግ የፍርድ ቀን መለከት ሲነፋም እዚያው ይወዛወዛል።

"አንቺ ሴትዮ" አልኳት ሻይ እየቀዳሁላት፣ "ናይለን አይበሰብስም እኮ።"

"እምነት ያበሰብሰዋል።"

"በጥጥ ቀይሪዋ!"

"አንዴ የታሰረ አይቀየርም። ደግሞ አንተ ከሃዲ ስለ ጠበል ምን አገባህ? ለመጨረሻ ጊዜ የቆረብከው መቼ ነው?"

"አንቺስ ቁርባኑን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?"

ማንኪያ ወረወረችብኝ። ሳተችኝና ውሻውን አገኘችው። ድሮ እኮ ግንባሬን ስታ አታውቅም።

በቃ፣ ራሴ ልፈታው ወሰንኩ። የሚያስታውሰው ሰው እስኪጠፋ ዘመን ቆይቶ የአውራጃችን እግር ኳስ ቡድን ለዋንጫ ደርሶ ነበርና፣ የፍጻሜው ዕለት አገሬው በሙሉ፣ ቄሱን ጨምሮ፣ መጠጥ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰበ። ጠበሉ ጋ ሰው የማይኖርበት ሰዓት ቢኖር ያ ነው። ጎረቤቴ ታይግ ሊወስደኝ ሲመጣ "ቁርጠት ይዞኛል" አልኩት።

"በፍጻሜ ቀን? ሐኪም ልጥራልህ ወይስ ሬሳ ገናዥ?"

እሱን ሸኝቼ የዲምፕናን የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቄ ወረድኩ። "አላምንም" አልኩ ጮክ ብዬ። ለማን እንደሆነ እንጃ። በጓንት ቋጠሮው አልያዝ አለኝ። በመቀስ ልቁረጠው ብል፣ ዲምፕና ዳስሳ የቀረውን ቋጠሮ ታገኘዋለች። ጓንቱን አወለቅኩ።

እናም ቆምኩ። እኔ ጠበሉን የላም ማጠጫ ነው እያልኩ የማላግጥ ሰው፣ እጄን መዘርጋት አቃተኝ። ፈራሁ፤ ምን ልዋሻችሁ። እኔም ብታወር ላሞቹን ማን ያልባል? ቤታችን ውስጥ ዓይን ያለው ውሻው ብቻ ሊሆን ነው እኮ! ከዚያ ማንኪያውን ስትወረውር የነበረችው ዲምፕና ትዝ አለችኝ። እኔ የሌለሁበትን ባዶ አየር ነበር የምታየው። "የመጣው ይምጣ" ብዬ በጥፍሬም በጥርሴም ገባሁበት።

ስቶኪንጉን ኪሴ ከትቼ ስመለስ ግራ ዓይኔ ያሳክከኝ ጀመር። አንዱን ጨፍኜ በሌላው እያየሁ፣ ሌላውን ጨፍኜ በዚያኛው እየሞከርኩ ስሄድ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ቡድናችን መሸነፉን ደግሞ ከመጠጥ ቤቱ ዝምታ አወቅኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ዲምፕናን ይዤ ወረድኩ። ዞረች፣ ታጠበች፣ ከዚያ ቅርንጫፉን ዳሰሰች። ደግማ ዳሰሰች።

"ወድቋል መሰለኝ" አልኩ ሰማዩን እያየሁ።

እጇን ከቅርንጫፉ አንሥታ በቀሚሷ ጠረገች።

"ቀጠሮው መቼ ነው ያልከው?" አለች።

ጥቅምት ላይ ሞራው ተገፈፈላት። ፋሻው በተነሣ ማግስት ማዕድ ቤት ተቀምጣ ዙሪያውን ቃኘች። "ይህን ወለል የጠረገው ማነው? ላም ነው?" አለች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። "ወይ ጉድ፣ ፊንባር! መቼ ነው እንዲህ ያረጀኸው?"

"አንቺ ሳታዪ።"

ሳቀች። "ና እስቲ ወደ ብርሃኑ" አለችና አገጬን ይዛ ዓይኖቼን አንድ በአንድ መረመረች።

"ደህና ናቸው?" አለችኝ።

"ምን ይሆናሉ?" አልኩ።

"ናይለን እንደማይበሰብስ የማላውቅ መሰለህ? ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሴት! አውቄ ነው ያሰርኩት። እናታችን ለትንሽ ነገር ብላ በእግሯ ሆስፒታል ገብታ በሣጥን ወጣች። ቢላዋ ፈራሁ። የማያልቅ ምክንያት ፈለግኩና ቋጠርኩት።"

የሻይ ስኒውን ወደ እሷ ገፋሁላት።

"ቅርንጫፉን ስዳስስ ግን ባዶ ነው። ያን ቋጠሮ ነፋስ አይፈታው፣ ላም አትፈታው። በዚህ አገር የእኔን ዕውርነት በእጁ የሚወስድ ማን አለ? አንድ ከሃዲ ብቻ። አንተ እሱን ከደፈርክ እኔ ቢላዋ ፈርቼ ልቀር? አፈርኩ።"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ "ዝናቡ ሊያባራ ነው መሰለኝ" አልኩ፣ ዓይኔን በእጅጌዬ እየጠረግኩ።

"ታለቅሳለህ እንዴ?" አለች ዲምፕና። "ፊትህን አታዙርብኝ! እያየሁህ እኮ ነው!"