የሚጠረጠር ሰው ያለበት ቤት

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይሄኛው ግን መታሰሩን ጭምር በሚያውቁበት አገር መጥቶ ነው ምንጣፍ የተነጠፈለት። በማጭበርበር ጥርሱን የነቀለ ሰው ታስሮ ሲፈታ «የማጭበርበር መከላከል አማካሪ» ተባለና አንድ ባንክ ሠራተኞቹን እንዲያሠለጥንለት ቀጠረው። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወንበር ሳበለት፤ ውሃም በእጁ ቀዳለት። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ነገር ነክቶ የማያውቀው ጥበቃ ግን በር ላይ እንደቆመ ነው የሚውለው።

ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ ገንዘብ ከፋይዋ፣ ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጣ ታየዋለች። ገና አፉን ሳይከፍት ነው የጠላችው። ምን ዋጋ አለው፣ አጅሬ ወሬ ያውቅበታል፤ ሲቀልድ እሷም ሳትወድ ትስቃለች።

«አንዲት እናት ነበሩ» አለ፣ ሸሚዙን ወደ ክንዱ እየሰበሰበ። «ወርቅ አጥባለሁ ብዬ ገባሁ። የአንገት ወርቃቸውን በሟች ባላቸው ከረባት ጠቅልለው አመጡና ‹ልጄ፣ አደራህን› አሉኝ። አጠብኩት፣ ወደ ኪሴ አስገባሁት፣ በከረባቱ ጠጠር ቋጥሬ ‹መድኃኒቱ እስኪደርቅ እስከ ነገ እንዳይፈቱት› አልኳቸው። መርቀው ሸኙኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ገንዘብ ከፋይዋም ሳቀች።

ከረባቱ ትዝ ያላት ስቃ ስትጨርስ ነው። የእናቷ ወርቅ የጠፋ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ የተገኘው የሟች አባቷ ከረባት ብቻ ነበር። ያኔ «ከዚህ ሰካራም ሌላ ማን ይወስደዋል!» ብላ የታላቅ ወንድሟን ልብስ ደጅ የወረወረችው እሷ ነች።

እጇን አወጣች። «ለፖሊስ ያመለክታሉ ብለው አልፈሩም?»

«ጥሩ ጥያቄ፣ እህቴ! እኔ ዝም ብዬ በር አላንኳኳም። መጀመሪያ ሰፈሩን አጠናለሁ። ሰካራም ልጅ፣ ሥራ ፈት ወንድም፣ ብቻ አንድ የሚጠረጠር ሰው ያለበት ቤት እመርጣለሁ። ሌባውን ቤተሰቡ ራሱ ይይዝልኛል! እናትየው ደግሞ ተሞኘሁ ከሚሉ ቢሞቱ ይሻላቸዋል።»

«ይቺን ጻፏት» አለ ሥራ አስኪያጁ። ያ ሁሉ የተማረ ሰው አጎንብሶ ጻፈ። እሷ ብድግ ብላ ወጣች፤ እዚያ ክፍል ውስጥ መተንፈስ ቀፈፋት።

ኮሪደሩ ላይ ሆና እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ያንን ወርቅ አጥባለሁ ላለ ሰው ነው የሰጠሽው?»

«ለሰው ነገርሽ እንዴ?» አለች እናትየው።

ለሰው! ልጇ ሲባረር በር ይዛ ስታለቅስ የነበረች እናት፣ ጠጠሩን ደብቃ፣ ሆዷ እያወቀ! ዛሬም የጨነቃት የሰው ወሬ ነው። ገንዘብ ከፋይዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። እናቷን ናቀቻት፤ ያንን ሽቶ የተርከፈከፈ ሌባ ከናቀችው በላይ ናቀቻት። ግን የወንድምሽን ልብስ ወርውሪ ያላት ማን ነበር? ከእናቷ አፍ እንኳ አንድም ቃል አልወጣም። እሷ ነች ፈራጅም አባራሪም የሆነችው፣ ያውም ደረቷን ነፍታ።

ወንድሟ ጋ ደወለች። ከተባረረ ወዲህ ድምፁን ሰምታው አታውቅም። ቶሎ አነሳው።

«ጋሼ… እኔ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ» አላት። «አሁን ደግሞ ምን ጠፋ?»